መስመር ፈታኙን ማን ይፈትነው?

ከአዳማ በስተደቡብ፣ የአርሲ ዞኑ ሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ሁሩታ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የኢንተርኔት መስመር አስገባ እንበል። ውሉ 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይላል። ባለሙያው ላፕቶፑን ይሰካና አንድ ፕሮግራም ይከፍታል። ፕሮግራሙ ለአንድ ደቂቃ ያህል ፓኬት (የመረጃ እሽግ) ይለቃል፤ አዲስ አበባ ያለ ሌላ ኮምፒውተር የደረሰውን ይቆጥራል። ሲያበቃ ስክሪኑ ላይ ጥቂት ቁጥሮች ይወጣሉ፦ አማካይ ፍጥነት፣ የጠፋው ፓኬት በመቶኛ፣ የመዘግየቱ መዋዠቅ። ባለሙያው ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ ያነሳና ለአለቃው ይልካል። ከዚያ በኋላ ክርክር ከተነሳ የሚነሳው በዚያ ፎቶ ላይ ነው። ስለ መስመሩ ሁሉም አስተያየት አለው። ፓኬቶቹን የለቀቀው ፕሮግራም ግን የታዘዘውን በትክክል ስለመፈጸሙ የሚጠይቅ አይገኝም። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ እሱን ነው።

ስሙ የትራፊክ ማመንጫ ነው። ሰው በቴሌብር ሲከፍል፣ ቪዲዮ ሲያይ፣ በኢንተርኔት ስልክ ሲደውል መስመሩ ላይ የሚፈሰውን መረጃ የሚመስሉ፣ ውስጣቸው ግን ፍሬ የሌለው ፓኬቶችን ፈጥሮ በታዘዘው መጠንና በታዘዘው ጊዜ ይለቃል። አንዱ ዓይነት ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሣጥን ነው፤ ኢክሲያና ስፓይረንት በዚህ ሥራ የታወቁ ስሞች ናቸው፤ ዋጋቸውም የቴሌኮም ኩባንያ ካልሆነ በቀር የማይደፍረው ነው። ሌላው ዓይነት በተራ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ሶፍትዌር ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ምርምር ላብራቶሪ የሠራው ኤምጄን፣ የኔፕልሱ ፌዴሪኮ 2ኛ ዩኒቨርሲቲ ዲ-አይቲጂ፣ የሲስኮው ቲሬክስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኔትወርክ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አይፐርፍ ከዚህ ወገን ናቸው። በነፃ ይወርዳሉ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ሥራውን የሚሠራ ተማሪም ሆነ በየወረዳው መስመር የሚዘረጋ ባለሙያ በእጁ ያለው ይኸኛው ነው። ስለዚህ ስለ ሣጥኑ ብዙም አልናገርም።

ማመንጫው ሁለት ነገር ይታዘዛል፤ በሰከንድ ስንት ፓኬት እንደሚለቅና በአንዱ ፓኬትና በሚቀጥለው መካከል ምን ያህል ክፍተት እንደሚተው። ሁለቱ አንድ ነገር ይመስላሉ፤ አይደሉም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ከሁሩታ መናኸሪያ ወደ አዳማ 24 አባዱላ ወጣ ቢባል በአማካይ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ መኪና ማለት ነው። ተራ አስከባሪው ግን መኪና የሚለቀው ሰዓት አይቶ ሳይሆን ሲሞላ ነው። የገበያ ቀን ከሆነ ጠዋት ስምንቱ ተከታትለው ይወጡና ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት አንድም ላይነቃነቅ ይችላል። የቀኑ ቁጥር 24 ነው፤ ማንም ሐሰት አልተናገረም። ስምንት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ለደረሰ መንገደኛ ግን አማካዩ ምንም አይፈይደውም። የጠዋቶቹ ስምንት መኪኖችም አዳማ መግቢያ ላይ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። የኔትወርክ መስመርም የሚጨናነቀው በአማካዩ አይደለም፤ ተግተልትለው በመጡት ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይጠራል። ከራስጌው ጋር 1,250 ባይት የሆነ ፓኬት እንውሰድ፤ 10,000 ቢት ነው፤ ለስሌት ይመቻል። በ10 ሜጋ ቢት መስመር ላይ እንዲህ ያለ ፓኬት አንድ ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በ100 ሜጋ ቢት 100 ማይክሮ ሰከንድ፣ በ1 ጊጋ ቢት 10 ማይክሮ ሰከንድ፣ በ10 ጊጋ ቢት 1 ማይክሮ ሰከንድ። ፓኬቱ ትንሹ 64 ባይት ከሆነ ደግሞ በ10 ጊጋ ቢት መስመር በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ፓኬት ይተላለፋል፤ ከአንዱ መነሻ እስከሚቀጥለው መነሻ ያለው ጊዜ 67.2 ናኖ ሰከንድ ነው። በ3 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር በዚህ ጊዜ ውስጥ 200 ገደማ ምት ይመታል። ከዋናው ሜሞሪ አንድ ነገር ፈልጎ ማምጣት እንኳ ከዚህ የማያንስ ጊዜ ሊወስድበት ይችላል። ሰዓት አይቶ፣ ፓኬት አዘጋጅቶ፣ ለኔትወርክ ካርዱ አስረክቦ፣ እንደገና ሰዓት ማየት ከዚህ ውስጥ መግባት አለበት።

ችግሩ ግን ወደ 10 ጊጋ ቢት ከመድረሱ በፊት ይጀምራል፤ ምክንያቱም ማመንጫው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻውን አይኖርም። አንድ ሚሊ ሰከንድ መጠበቅ ሲፈልግ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን «አስተኛኝና ጊዜው ሲደርስ ቀስቅሰኝ» ይላል። ቀስቃሹ ሰዓት የሚያየው ግን በራሱ ጊዜ ነው። በአንድ ወቅት የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሰዓቱን የሚያየው በሰከንድ 100 ጊዜ፣ ማለትም በየ10 ሚሊ ሰከንዱ ብቻ ነበር። ዊንዶውስም ለየት ያለ ጥያቄ ካልቀረበለት በየ15.6 ሚሊ ሰከንዱ ነው። አንድ ሚሊ ሰከንድ እንዲያስተኙት የጠየቀ ፕሮግራም አሥር ሚሊ ሰከንድ ተኝቶ ይነሳል፤ ሲነሳ አሥር ፓኬት ዕዳ አለበት። ብዙዎቹ ማመንጫዎች ዕዳውን የሚከፍሉት በአንድ ጊዜ ነው፤ አሥሩን ተከታትሎ መልቀቅ፣ እንደገና መተኛት። አማካዩ ይድናል፤ ክፍተቱ ይሞታል።

እ.ኤ.አ. በ2006 በሊኑክስ 2.6.16 ከርነል ውስጥ በጣም የረቀቀ የሰዓት ሥርዓት ገባና የ10 ሚሊ ሰከንዱ ዘመን ማለፍ ጀመረ። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ከርነሉ ለተራ ፕሮግራም 50 ማይክሮ ሰከንድ የመዘግየት ፈቃድ ለራሱ አስቀምጧል። የሚቀሰቀሱትን ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ቢቀሰቅሳቸው ኃይል ይቆጥባል። ለቃላት ማቀነባበሪያ ወይም ለሙዚቃ ማጫወቻ 50 ማይክሮ ሰከንድ ምንም ማለት አይደለም። በ100 ሜጋ ቢት መስመር ላይ ግን የክፍተቱ ግማሽ ነው፤ በ1 ጊጋ ቢት የክፍተቱ አምስት እጥፍ ነው።

መተኛቱን ትቶ ነቅቶ መጠበቅም ይቻላል። ፕሮግራሙ አንድ የፕሮሰሰር ኮር ለብቻው ይይዝና ሰዓቱን ያለ ዕረፍት እያየ ይቆያል። ይህ ከመተኛት እጅግ ይሻላል፤ ኮሩ ግን መቶ በመቶ ተይዞ ይሞቃል፣ የላፕቶፑ ማራገቢያ ይጮኻል፣ ከርነሉም ለሌላ ጉዳይ ኮሩን በመሐል ሊነጥቀው ይችላል። ከነጠቀው መካከል ላይ አንድ ትልቅ ክፍተት ይፈጠራል። አማካዩ ይህንንም አያሳይም።

ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን አይፐርፍ3ን በዚህ ዓይን እንየው። አሜሪካ ውስጥ ለምርምር ተቋማት ኔትወርክ በሆነው ኢኤስኔት የተሠራ ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው። ፍጥነት ተወስኖለት ሲልክ ግን የሚነቃበት ልማድ አለው፤ ተጠቃሚው ካልቀየረው በየ1,000 ማይክሮ ሰከንዱ፣ ማለትም በየሚሊ ሰከንዱ ተነስቶ ያለበትን ዕዳ ይከፍላል። ለ10 ሜጋ ቢቱ የሁሩታ መስመር ይህ ይገጥማል፤ በሚሊ ሰከንድ አንድ ፓኬት ነው የሚፈለገው። መሥሪያ ቤቱ መስመሩን ወደ 100 ሜጋ ቢት ሲያሳድግስ? አሁን በየሚሊ ሰከንዱ አሥር ፓኬት ያስፈልጋል። አይፐርፍ3 ይነሳና አሥሩን ያስረክባል። የላፕቶፑ ካርድ የ1 ጊጋ ቢት ስለሆነ አሥሩን በ100 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ አስወጥቶ ይጨርሳል። የቀረውን 900 ማይክሮ ሰከንድ ዝም ይላል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ መስመሩ የሚያየው 100 ሜጋ ቢት ሳይሆን 1 ጊጋ ቢት ነው።

በመንገድ ላይ ደንበኛው ከተፈቀደለት ፍጥነት እንዳያልፍ የሚቆጣጠር መሣሪያ ካለ፣ የወረፋ ቦታው ደግሞ ጠባብ ከሆነ፣ ከአሥሩ የተወሰኑትን ይጥላል። ውጤቱ ስክሪን ላይ «የጠፋ ፓኬት» ተብሎ ይወጣል። ደንበኛው መስመሩ ችግር አለበት ይላል። አቅራቢው በራሱ መሣሪያ ለክቶ ምንም የጠፋ የለም ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ የላኩት ግን አንድ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሙግት ውስጥ ቁጥሮቹ ከመነጻጸራቸው በፊት ፓኬቶቹ እንዴት እንደተለቀቁ መጠየቅ ነበረበት።

የባሰው ደግሞ ማመንጫው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ፕሮግራሙ «ይህን ፓኬት በዚህ ሰዓት ላክሁ» ብሎ መዝገብ ይይዛል። የሚመዘግበው ግን ፓኬቱን ለከርነሉ ያስረከበበትን ሰዓት ነው። ፓኬቱ ከዚያ በኋላ በከርነሉ ወረፋ ይቆማል፤ ከዚያ በካርዱ ወረፋ ይቆማል፤ ከዚያ ነው ገመዱን የሚያየው። ከርክክቡ በኋላ የሆነውን ፕሮግራሙ አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የኔፕልስ ተመራማሪዎች አሌሲዮ ቦታ፣ አልቤርቶ ዳይኖቲና አንቶኒዮ ፔስካፔ የሙያው ሰዎች በሚያነቡት የአይትሪፕልኢ የኮሙኒኬሽን መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። አራት የታወቁ ሶፍትዌር ማመንጫዎችን ወስደው የታዘዙትን ከለቀቁት ጋር አነጻጸሩ። ከአራቱ አንዱ፣ ዲ-አይቲጂ፣ የራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ሥራ ስለነበር የራስን ልጅም ፈተና ላይ ማስቀመጥ ነበር፤ ይህን አደንቃለሁ። የታዘዘው ክፍተትና የወጣው ክፍተት አልገጠሙም፤ የፓኬቱ ቁጥር ሲጨምር ልዩነቱ ይጎላ ነበር። ከጽሑፉ በኋላ በሙያው ውስጥ «በእንዲህ ያለ ማመንጫ ለክተናል» ማለት ብቻውን ማስረጃ መሆኑ ቀረ፤ ቢያንስ መቅረት ነበረበት።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ ሳይሰማ የቆየበት ምክንያት አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወረዳዎችንና ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኙት ወረዳ ኔትና ስኩል ኔት ሲዘረጉ ብዙው ግንኙነት በሳተላይት ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የነበረውን «ፕላዝማ» የተባለ የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት የዚያ ዘመን ተማሪ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ አስተማሪው ከስክሪኑ ውስጥ ጠይቆ ክፍሉ ሳይመልስ ወደሚቀጥለው ያልፍ ነበር። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ሳተላይት ወጥቶ መውረድ ብቻውን 240 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ጥያቄና መልስ ከሆነ ግማሽ ሰከንድ። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ማመንጫው አሥር ሚሊ ሰከንድ ቢዛነፍ ከመቶ አራት ገደማ ነው፤ ማን ያየዋል?

ከዚያ ወዲህ የፋይበር ገመድ መጣ። ብርሃን በመስታወት ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 5 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። ከሁሩታ አዲስ አበባ የሚደርሰው ገመድ 150 ኪሎ ሜትር ነው ብለን ብንነሳ ጉዞው 0.75 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ መካከል ያሉ መሣሪያዎች የሚጨምሩት ሌላ ነው። የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ ጅቡቲ ድረስ ያለው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ራሱ አራት ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። አሁን አሥር ሚሊ ሰከንድ የሚዛነፍ ማመንጫ ይዘን እንለካ። ፕሮግራሙ ፓኬቱ ላይ የሚጽፈው ሊልክ ያቀደበትን ሰዓት ከሆነ፣ የተኛበት ጊዜ በሙሉ በመስመሩ መዘግየት ላይ ይደመራል። አሥር ሚሊ ሰከንድ በፋይበር 2,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባን ከሪያድ የሚለየውን ያህል ርቀት። ሁሩታ በካርታው ላይ ቦታዋን ሳትለቅ በመለኪያው ቀይ ባሕርን ተሻግራ ተገኘች ማለት ነው። መሣሪያው ያው ነው፣ ስሕተቱም ያው ነው። መስመሩ ሲሻሻል ነው የተጋለጠው።

ለሀገራችን ባለሙያ በተለይ የሚመለከቱ ሁለት ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው መብራት ነው። ላፕቶፕ ከመብራት ሲነቀል ባትሪ ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ያቀዘቅዛል፤ ሥራ ሲያጣም ጠለቅ ያለ እንቅልፍ ያስተኛዋል። ከጥልቁ እንቅልፍ መንቃት በአሥሮች፣ አንዳንዴም በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ መብራት እያለ የተለካውና መብራት ጠፍቶ በባትሪ የተለካው ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው፤ ውጤቱ ላይ ግን ማንም «በባትሪ» ብሎ አይጽፍም። ሁለተኛው፣ አዳዲሶቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች የኔትወርክ ገመድ ቀዳዳ ስለሌላቸው ባለሙያው የዩኤስቢ አስማሚ ይዞ ይዞራል። ዩኤስቢ የራሱ የሰዓት ምት አለው። በዩኤስቢ 2.0 ምቱ 125 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ፓኬቶች በዚያ ምት ሊሰበሰቡ ይችላሉ። ሦስተኛው፣ ቦታ ለመቆጠብ ማመንጫውን በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መጫን ነው። እዚያ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ኮሩን በሙሉ ይዣለሁ ብሎ ቢያስብም አስተናጋጁ በመሐል ሲወስድበት እንኳ አያውቅም። በዋይፋይ ስለመለካት አላወራም፤ አየሩን ከጎረቤት ሁሉ ጋር እየተሻሙ የሚለኩት የጎረቤቱን ቪዲዮ ነው።

የተቀባዩም ጉዳይ አለ። በአንድ አቅጣጫ ያለውን መዘግየት ለማወቅ የሁሩታው ኮምፒውተርና የአዲስ አበባው ኮምፒውተር ሰዓታቸው መግጠም አለበት። በተራ ኮምፒውተር ውስጥ ያለች የሰዓት ክሪስታል ከሚሊዮን 50 ያህል ብትስት በቀን ከአራት ሰከንድ በላይ ትዛነፋለች። ዴቪድ ሚልስ በ1980ዎቹ የነደፈው ኤንቲፒ የተባለው ሥርዓት በኢንተርኔት በኩል ሰዓቶችን በሚሊ ሰከንዶች ልዩነት ያስማማል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 መስፈርት የወጣለት ፒቲፒ ደግሞ መሣሪያዎቹ ከደገፉት ከማይክሮ ሰከንድ በታች ያደርሳል። 0.75 ሚሊ ሰከንድ ገደማ የሆነ ጉዞ በሚሊ ሰከንዶች በሚለያዩ ሰዓቶች ሲለካ፣ ፓኬቱ ከመላኩ በፊት የደረሰ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ አሉታዊ መዘግየት በመለኪያ መዝገብ ላይ ያየ ሰው ብዙ ነው። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ሰዎች በተቻለ መጠን ደርሶ መልሱን በአንድ ሰዓት የሚለኩት።

ከመፍትሔዎቹ ሁሉ እኔን የማረከኝ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ሙንጄን ነው። ጳውል ኢመሪክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያስተዋወቁት ነው። ከርነሉን ወደ ጎን ትቶ በኢንቴል በተጀመረው ዲፒዲኬ በተባለ ዘዴ በቀጥታ ከካርዱ ጋር ይነጋገራል፤ ይህ ለብቻው አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር ክፍተትን የሚፈጥርበት መንገድ ነው። ሶፍትዌር በናኖ ሰከንድ ሊጠብቅ አይችልም፤ ካርድ ግን ያለ ዕረፍት ሲልክ እያንዳንዱ ባይት የሚፈጀው ጊዜ ፈጽሞ አይለዋወጥም፤ በ10 ጊጋ ቢት 0.8 ናኖ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሙንጄን መጠበቁን ተወው። ካርዱ አንዴም ዝም ሳይል ይልካል። ክፍተት መኖር ባለበት ቦታ ሆን ተብሎ የማረጋገጫ ቁጥሩ የተበላሸ ፓኬት ያስገባል። የሚቀበለው መሣሪያ ካርድ የተበላሸውን አይቶ ለማንም ሳያሳውቅ ይጥለዋል። ለተቀባዩ መሣሪያ ያ ጊዜ ዝምታ ነው። የክፍተቱ ርዝመት በሰዓት ሳይሆን በባይት ይቆጠራል። በጣም አጭር ክፍተት ላይ ገደብ አለበት፤ ፓኬት ከተወሰነ መጠን በታች አይሆንምና። መንገድ ላይ ስዊች ካለም የተበላሸውን እሱ ስለሚጥለው ፓኬቶቹ ከዚያ ወዲያ በስዊቹ ሰዓት ነው የሚሄዱት። ሐሳቡ ግን ያስቀናል።

አንድ አንባቢ «እውነተኛ ትራፊክ ራሱ ተግተልትሎ አይደለም ወይ የሚመጣው? ታዲያ የእኩል ክፍተት ነገር ምን ያስጨንቃል?» ሊል ይችላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪዎች የሚመጡበትን ዕድል በሒሳብ ሲያስቀምጥ ጥሪዎቹ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ነበሩ፤ ብዙ ሲሆኑ ይለሰልሳሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የቤልኮር ተመራማሪዎች የኮምፒውተር ኔትወርክ ትራፊክ መዝግበው ሲያዩ ግን እንደዚያ አልሆነም፤ በሰከንድም፣ በደቂቃም፣ በሰዓትም ቢታይ መተግተልተሉ አይለሰልስም። ስለዚህ እውነተኛውን ለመምሰል የሚፈልግ ማመንጫ ክፍተቶቹን ሆን ብሎ ያዘበራርቃል። ቁም ነገሩ «ሆን ብሎ» የሚለው ላይ ነው። ተመራማሪው ያዘዘው መዘበራረቅ ሒሳብ አለው፣ ሊደገም ይችላል፣ ሌላው ሰው ሊያጣራው ይችላል። ከርነሉ በራሱ ጊዜ ያመጣው መዘበራረቅ ግን ነገ ሌላ ነው፤ ሌላ ላፕቶፕ ላይም ሌላ ነው።

ነገሩን ማጋነንም አልፈልግም። ለብዙ ሥራ ተራው ሶፍትዌር ይበቃል። የኢንተርኔት ስልክ ድምፅ ብዙ ጊዜ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ፓኬት ነው፤ በሰከንድ 50 ብቻ። የ50 ማይክሮ ሰከንድ ስሕተት ከዚህ ውስጥ ከመቶ ሩብ ነው፤ ማንም ጆሮ አይሰማውም። ትልቅ ፋይል ለማውረድ መስመሩ ስንት ይይዛል ለሚለው ጥያቄም አማካዩ ራሱ መልሱ ነው። የሚያሳስበው የመዘግየት መዋዠቅን፣ አጭር መጨናነቅን፣ የጠፋ ፓኬትን በዚያው መሣሪያ ለክቶ ጥፋተኛ የሚፈልግ ሰው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሞ፣ በ2015 መስከረም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በሀገር ደረጃ አገልግሎት ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን ያልሆነበት ዘመን ነው። አገልግሎት ሰጪ ሲበዛ ደንበኛው ያወዳድራል፣ ተቆጣጣሪው ይለካል፣ ኩባንያው ይከራከራል። ሁሉም በየራሱ ማመንጫ ነው የሚከራከረው። እኔ ብጠየቅ ማንኛውም የጥራት ሪፖርት ከአማካዩ ጎን ማመንጫው በምን ኮምፒውተር፣ በምን ካርድ፣ በምን ክፍተት እንደላከ ካልጻፈ ጎደሎ ነው እላለሁ።

ማጣራቱ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ባለሙያው ወደ መስመሩ ከመሄዱ በፊት ሁለቱን ኮምፒውተሮች በአንድ አጭር ገመድ በቀጥታ ያገናኛል፤ መካከል ስዊች የለም፣ ራውተር የለም፣ የሚወቀስ ኩባንያም የለም። አንዱ በሰከንድ 1,000 ፓኬት እንዲልክ ያዛል፤ ሌላው ላይ ዋየርሻርክ ወይም ቲሲፒደምፕ ከፍቶ የደረሰበትን ሰዓት ይመዘግባል። አማካዩን ሳያይ ክፍተቶቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ ይደረድራል። ከመቶው 99ኛው ላይ ያለው ስንት ነው? ትልቁስ? በሁለት ሜትር ገመድ ላይ ሦስት ሚሊ ሰከንድ የሚዋዥቅ ማመንጫ በ150 ኪሎ ሜትር ላይ ሦስት ሚሊ ሰከንድ አየሁ ቢል ስለ መስመሩ ምንም አልነገረንም። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ ተቀባዩ ካርድ ፕሮሰሰሩን ደጋግሞ ላለማወክ ፓኬቶችን ሰብስቦ በአንድ ጊዜ የማሳወቅ ልማድ አለው። ያኔ በእኩል ክፍተት የመጡትም ተግተልትለው የመጡ ይመስላሉ። ይህን ልማድ ማጥፋት ይቻላል፤ ወይም ካርዱ ራሱ በሃርድዌር ሰዓት የሚመዘግብ ከሆነ እሱን መጠየቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ሊኑክስ 4.19 ደግሞ ማመንጫውን ከመጠበቅ የሚያሳርፍ ነገር ገብቷል። ፕሮግራሙ ፓኬቱን አስቀድሞ ያስረክብና መነሻ ሰዓቱን ጽፎ ይሰጣል፤ የራሱ ሰዓት ያለው ካርድ ያንን ሰዓት ጠብቆ ይለቃል። የኢንቴሉ አይ210 ይህን ያውቃል። የባለ ሣጥኑ መሣሪያ ተግባር ከፊሉ በአንድ ካርድ ላይ ተገኘ ማለት ነው። ካርዱ ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ አይገባም፤ ጥግ ላይ በተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ ግን ይገባል።